የጀልባን መንገድ የሚዘጋው አሸዋ

ባህር ለሌለው አገር አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፡፡ ባህር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ግን አሳምረው ያውቁታል፡፡ ዓርብ ማታ የነበረ የኮንክሪት መንገድ ከአንድ ሌሊት ማዕበል በኋላ ቅዳሜ ማለዳ ላይኖር ይችላል፡፡ ጎማ የሚይዝ ተዳፋት በነበረበት ቦታ እስከ ጉልበት የሚደርስ እርጥብ አሸዋ ተከምሮ ይጠብቃል፡፡ ጀልባውን በተጎታች ጭኖ ከከተማ የመጣ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ወደ ቤቱ መመለስ፣ ወይ መኪናውን አሸዋ ውስጥ ከትቶ የሚጎትትለት መፈለግ፡፡

ለመዝናናት ለወጣ ሰው ይህ የአንድ ቅዳሜ ብስጭት ነው፡፡ በትንሽ ጀልባ ዓሣ አስግሮ ቤተሰቡን ለሚያስተዳድር ግን የቀን ገቢው ነው የቀረው፡፡ የነፍስ አድን ጀልባ የሚወርደው በዚያው ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል፡፡ ባህር ላይ ሞተሩ የጠፋበት ወይም ጀልባው የተገለበጠበት ሰው የድረሱልኝ ጥሪ ሲያሰማ አዳኞቹ መጀመሪያ አካፋ የሚፈልጉ ከሆነ ውጤቱን መገመት አያዳግትም፡፡

በአገራችን ስለ ባህር በር ብዙ ተብሏል፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ወዲህ፡፡ ክርክሩ በአመዛኙ ስለ ታሪክ፣ ስለ ዲፕሎማሲና ስለ ወደብ ኪራይ ነው፡፡ የባህር ዳርቻን ይዞ የሚኖር ሁሉ በየዓመቱ የሚከፍለው፣ እምብዛም የማይወራለት ሌላ ወጪ ግን አለ፡፡ እሱም የአሸዋ ወጪ ነው፡፡ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው፤ ለዚያውም በግዙፍ ወደቦች ላይ ሳይሆን በትንሹ፣ በጀልባ ማውረጃው ላይ፡፡

ማውረጃው እንዴት ይሠራል?

የጀልባ ማውረጃ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው፡፡ ከመሬት ተነስቶ ውሃ ውስጥ የሚገባ የኮንክሪት ተዳፋት ነው፡፡ አሽከርካሪው መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ተጎታቹን ውሃ ውስጥ ያስገባል፤ ጀልባዋ መንሳፈፍ ስትጀምር ትለቀቃለች፡፡ ሲመለስም በዚያው መንገድ ያወጣታል፡፡ ተዳፋቱ በአብዛኛው በየሰባት ወይም በየስምንት ሜትሩ አንድ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይሠራል፡፡ ከዚህ ለጥ ያለ ከሆነ ጀልባዋ ከመንሳፈፏ በፊት መኪናው ራሱ ውሃ ውስጥ ይገባል፡፡ ከዚህ ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ በእርጥብ ኮንክሪት ላይ ጎማ ይንሸራተታል፡፡

አሸዋ የሚያበላሸው ይህንኑ ስሌት ነው፡፡ በስምንት ሜትር አንድ ሜትር የሚወርድ ማውረጃ ጫፉ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ቢተኛበት ከተዳፋቱ ሁለት ሜትር ከግማሽ ያህሉ ይሸፈናል፡፡ የሚጠፋው ደግሞ ጥልቁ ክፍል ነው፤ ማለትም ጀልባዋን የሚያንሳፍፈው፡፡ ከዚህ የተነሳ ማውረጃው ባህሩ ሲሞላ ብቻ የሚያገለግል ይሆናል፡፡ ጠዋት ባህሩ ሞልቶ ሳለ የወጣ ዓሣ አስጋሪ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ውሃው ሸሽቶ፣ ማውረጃው ደርቆ ያገኘዋል፡፡ ውጭ ሆኖ ባህሩ እስኪሞላ ይጠብቃል ማለት ነው፡፡ በዚያን ሰዓት ነፋስ ከተነሳ የሚጠብቅበት ስፍራ ክፍት ባህር ነው፡፡

አሸዋው ከየት ይመጣል?

በሰፌድ የሚያንገዋልል ሰው ያየ ሁሉ የባህር ዳርቻን አሠራር በከፊል አይቷል፡፡ ሰፌዱ በጥቂቱ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ካለ እህሉ በእያንዳንዱ ውርወራ ወደ ላይ ይነሳና ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ያርፋል፡፡ ጥቂት ቆይቶ እህሉ ሁሉ በአንድ ወገን ተሰብስቦ ይገኛል፡፡ ሞገድም እንዲሁ ነው፡፡ ወደ ዳርቻ የሚመጣው ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰያፍ ነው፡፡ አሸዋውን ይዞ በሰያፍ ይወጣል፤ ሲመለስ ግን የዳርቻውን ተዳፋት ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፡፡ ስለዚህ እያንዳንዷ ቅንጣት በእያንዳንዱ ሞገድ ጥቂት ወደ ጎን ትራመዳለች፡፡ ሞገዱ በሚሰበርበት ስፍራ ደግሞ ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚሄድ የውሃ ጅረት ይፈጠራል፤ የሚበጠበጠውን አሸዋ ይዞ የሚጓዘውም እሱ ነው፡፡

የዚህን ጉዞ መጠን በቁጥር ማየት ይጠቅማል፡፡ በምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ ግዛቶች ወሰን አካባቢ፣ በዓመት በአማካይ 500,000 ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያልፋል፡፡ በአዲስ አበባ መንገዶች የምናውቀው ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብንል፣ ይህ በየቀኑ፣ በዓልና እሑድ ሳይባል፣ 85 ምልልስ ይሆናል፡፡ ዳርቻው ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን አንዳችም የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም፡፡ የሄደው ሁሉ በመጣው ስለሚተካ ዳርቻው ያው ይመስላል፡፡

ችግሩ የሚጀምረው በዚህ መንገድ ላይ አንድ ነገር ሲቆም ነው፡፡

የጀልባ ማውረጃ ክፍት ሞገድ በሚመታው ቦታ አይሠራም፤ ጀልባና ተጎታች እየተላተሙ ማውረድ አይቻልም፡፡ ስለዚህ ዙሪያውን የማዕበል መከላከያ ግድብ ከትላልቅ ድንጋዮች ይሠራለታል፡፡ ግድቡም ውሃውን ያረጋጋል፡፡ አሸዋን በውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ የሚይዘው ግን የውሃው መበጥበጥ ነው፡፡ ውሃው ሲረጋ አሸዋው ይሰጥማል፡፡ እንግዲህ መሐንዲሱ ለጀልባዋ ሲል የሠራው ጸጥታ ለአሸዋውም ማረፊያ ይሆናል ማለት ነው፡፡ ማውረጃው በተሻለ በተጠለለ ቁጥር የሚያጠምደው አሸዋም ይበዛል፡፡ ይህን ቅራኔ ሙሉ በሙሉ የፈታ ንድፍ እስካሁን የለም፤ ያለው ማቻቻል ብቻ ነው፡፡

አደላይድ፤ አንድ ማውረጃ፣ ብዙ ሙግት

ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ የምትሆነው የደቡብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ አደላይድ ናት፡፡ ከተማዋ በሴንት ቪንሰንት ባህረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ትገኛለች፡፡ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የሚያስነሳው ሞገድ አሸዋውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ይገፋዋል፡፡ መጠኑ ከላይ ከጠቀስነው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በዓመት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሜትር ኩብ የሚለካ፡፡ ይሁን እንጂ ከደቡብ የሚተካው አዲስ አሸዋ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሄደው ሁሉ በቀላሉ አይመለስም፡፡

የጥንቱ ሰው ለዚህ መጠባበቂያ ነበረው፤ ከዳርቻው ጀርባ የሚገኙት የአሸዋ ክምሮች፡፡ ማዕበል ሲበረታ ከክምሩ ይወስዳል፣ በጸጥታው ወራት ይመልሳል፡፡ ከተማዋ ስታድግ ግን በክምሮቹ ላይ ቤትና መንገድ ተሠራባቸው፡፡ መጠባበቂያው ከአስፋልት ሥር ተቆለፈ፡፡ በዚህ ላይ ከባህሩ ወለል ሌላ ጉዳት ተጨመረ፡፡ ወደ ባህር በሚለቀቀው የፍሳሽ ቆሻሻና የጎርፍ ውሃ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከ5,000 ሄክታር በላይ የባህር ሳር ከአደላይድ ዳርቻ ጠፍቷል፡፡ ሳሩ የወለሉን አሸዋ በሥሩ ይይዝ፣ የሞገዱንም ጉልበት ያደክም ነበር፡፡ ሳሩ ሲሄድ ወለሉ ጠለቀ፤ ሞገዱም በርትቶ ዳርቻ መድረስ ጀመረ፡፡ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የጀልባ ማውረጃ ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ይኸው ነው፡፡

በዚህ ሁኔታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለት ግንባታዎች ተከናወኑ፡፡ አንዱ በግሌኔልግ የመኖሪያና የመዝናኛ ሕንጻዎች ያሉበት የጀልባ ማቆሚያ ነው፡፡ ሌላው ከእሱ በስተሰሜን በዌስት ቢች የተሠራው፣ በድንጋይ ግድብ የተከለለ የጀልባ ማውረጃ ነው፡፡ በወቅቱ የሰሜኑ ሰፈር ነዋሪዎች ግንባታውን አጥብቀው ተቃውመው ነበር፡፡ ስጋታቸው ግድቡ አሸዋውን ይዞ ዳርቻችንን ያራቁተዋል የሚል ነው፡፡ ግንባታው ከመካሄድ አልቀረም፤ በሁለቱም ቦታ የሚታገደውን አሸዋ በየዓመቱ እያነሱ ወደ ሰሜን ማሳለፍ ግን የግድ ሆነ፡፡

የዌስት ቢች ማውረጃ ከአሸዋ ሌላ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው፡፡ በማዕበል ከወለሉ የተነቀለ የባህር ሳር እየተንሳፈፈ መጥቶ በግድቡ ውስጥ ይጠራቀማል፡፡ እዚያ ይበሰብሳል፤ ይሸታል፡፡ ከአሸዋው ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ለፓምፕ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የፓምፑን አፍ ይወትፋል፡፡ ከደረቅ አሸዋ ይልቅ ይህን ድብልቅ ማንሳት ብዙ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፡፡

እንዴት ይጸዳል?

በጣም የተለመደውና ርካሹ ዘዴ ሎደር ነው፡፡ ባህሩ በሚሸሽበት ሰዓት ማሽኑ በተዳፋቱ ላይ ወርዶ አሸዋውን ይዝቃል፡፡ ሥራው የሚመራው በመሥሪያ ቤት ሰዓት ሳይሆን በባህሩ ሰዓት ነው፡፡ ባህሩ በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሸሸ ሥራውም በዘጠኝ ሰዓት ነው፡፡ የአደላይድ ባህር ደግሞ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ በወር ውስጥ በተወሰኑ ቀናት ውሃው ሳይሞላም ሳይጎድልም ባለበት ይቆያል፡፡ በእነዚህ ቀናት ሎደሩ ቢመጣም የሚሠራው ነገር የለም፡፡

ሎደር ሁለት አደጋዎች አሉት፡፡ አንደኛው ጨው ነው፤ ማሽኑ በየቀኑ በንጹህ ውሃ ካልታጠበ በአጭር ጊዜ ይበላል፡፡ ሁለተኛው የኦፕሬተሩ ትጋት ነው፡፡ ከኮንክሪቱ ጫፍ አልፎ አጥብቆ ከቆፈረ ጫፉን የተሸከመውን አፈር ያነሳዋል፤ ኮንክሪቱም ድጋፍ አጥቶ ይሰበራል፡፡ የጫፍ ስብራት ውሃ ውስጥ ስለሆነ አይታይም፡፡ የተጎታች ጎማ ገብቶበት ሲቀር ነው የሚታወቀው፡፡

በዚህ ረገድ ራሳቸው ባለጀልባዎቹም ንጹህ አይደሉም፡፡ ብዙዎች ጀልባቸውን ተጎታቹ ላይ የሚያወጡት በገመድ እየጎተቱ ሳይሆን ሞተሩን በሙሉ ኃይል እያሽከረከሩ ነው፡፡ የሞተሩ ዘዋሪ የሚወረውረው ውሃ ከማውረጃው ጫፍ ሥር ጉድጓድ ይቆፍርና ያንኑ አሸዋ ጥቂት ሜትር ወጣ ብሎ ይከምረዋል፡፡ በአንድ ድርጊት ሁለት ጉዳት ነው፤ ከኋላ ስብራት፣ ከፊት ጉብታ፡፡

አሸዋው ከተዳፋቱ አልፎ የመግቢያውን ቦይ ሲዘጋ ሎደር አይደርስበትም፡፡ ያን ጊዜ ድሬጀር ያስፈልጋል፤ ይህም አሸዋን ከውሃ ጋር እየመጠጠ በቧንቧ የሚገፋ ተንሳፋፊ ማሽን ነው፡፡ ውድ ነው፤ በተፈለገበት ቀንም ላይገኝ ይችላል፡፡ ስለዚህ ብልህ አስተዳደር መግቢያው እስኪዘጋ አይጠብቅም፡፡ ከግድቡ ውጭ፣ አሸዋው በሚመጣበት ወገን፣ ሰፊ ጉድጓድ አስቀድሞ ያስቆፍራል፡፡ የሚመጣው አሸዋ ማውረጃው ከመድረሱ በፊት እዚያ ይወድቃል፡፡ ጉድጓዱ ሲሞላ በተመቸ ወቅት ይጠረጋል፡፡ በእኔ እምነት ከሁሉም ዘዴዎች ገንዘቡን የሚያዋጣው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም የማጽጃውን ቀን የሚመርጠው ባህሩ ሳይሆን አስተዳደሩ ይሆናል፡፡

ግድቡን ማስረዘምስ? ፖለቲከኞች የሚወዱት መፍትሔ ይህ ነው፤ ይታያል፣ ይመረቃል፡፡ ነገር ግን ግድቡ በረዘመ መጠን ከጀርባው የሚከማቸው አሸዋ ይጨምራል እንጂ አይቆምም፡፡ ከዓመታት በኋላ ክምችቱ ጫፉ ይደርስና ዞሮ ይገባል፡፡ የተገዛው ጊዜ ነው፡፡

ከውሃው ወገን ብቻ መጠበቅም ስህተት ነው፡፡ ደረቅ አሸዋ በነፋስ ይመጣል፡፡ ለዚህ የሚበጀው እንጨትና መረብ የለበሰ ዝቅተኛ አጥር ማቆም፣ ከኋላውም አሸዋ የሚይዙ ዕፅዋትን መትከል ነው፡፡ ዋጋው ከአንድ ቀን የድሬጀር ኪራይ አይበልጥም፡፡ ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው እሱ ነው፡፡

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው መለካት ነው፡፡ በተዳፋቱ ዳር የቆመ፣ ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ እንኳ በየሳምንቱ ቢነበብ አሸዋው በየትኛው ወር በስንት እንደሚጨምር ይናገራል፡፡ ከማዕበል በፊትና በኋላ የወለሉን ጥልቀት በድምፅ ሞገድ መለኪያ ማስለካት ደግሞ የተሻለ ነው፡፡ የጽዳት ውል በምን ላይ እንደሚመሠረት የሚወሰነውም በዚሁ ልኬት ነው፡፡ ለኮንትራክተሩ በተነሳው ሜትር ኩብ ልክ የሚከፈለው ከሆነ ብዙ ቢዝቅ ይጠቅመዋል፤ አሸዋው ቶሎ ቢመለስም አይከፋም፡፡ የሚከፈለው ማውረጃው የተወሰነ ጥልቀት ይዞ ለቆየበት ጊዜ ከሆነ ግን ጥቅሙና የባለጀልባው ጥቅም አንድ ይሆናሉ፡፡

የተነሳው አሸዋ ወዴት ይሂድ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፡፡ ሎደሩ የዛቀውን አሸዋ እዚያው አጠገብ፣ በመጣበት ወገን ቢያራግፈው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፡፡ ያንኑ አሸዋ በዓመት አራት ጊዜ ለማንሳት መክፈል ማለት ነው፡፡ ትክክለኛው ቦታ ከማውረጃው ባሻገር፣ አሸዋው ሊሄድበት በነበረው አቅጣጫ ነው፡፡ ይህም ጉዞውን ማስቀጠል ስለሆነ ቀጣዩ ዳርቻ አይራቆትም፡፡

ሦስተኛ አማራጭም አለ፤ ፈታኙም እሱ ነው፡፡ አሸዋ ለግንባታ ይሸጣል፡፡ የአሸዋ ዋጋ ሲንር ያየ የአዲስ አበባ ነዋሪ ፈተናው ምን ያህል እንደሆነ አይጠፋውም፡፡ ማውረጃው በነጻ ይጸዳል፣ ማዘጋጃ ቤቱም ገቢ ያገኛል፡፡ የባህር አሸዋ ጨው ስላለው በደንብ ካልታጠበ በኮንክሪት ውስጥ ያለውን ብረት ያዝጋል፡፡ ከዚህ የከፋው ግን ለዳርቻው ነው፤ ከጉዞው የወጣ አሸዋ ለቀጣዩ ሰፈር የማይደርስ አሸዋ ነው፡፡

ቀጣዩ ሰፈር አሸዋ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ሕንድ ውስጥ ቼናይ ላይ በግልጽ ታይቷል፡፡ የወደቡ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ በኋላ ከግድቡ በስተደቡብ አሸዋ እየተጠራቀመ ዛሬ የታወቀው ሰፊው የማሪና ዳርቻ ተፈጠረ፡፡ በሰሜን በኩል ግን የሮያፑራም ዳርቻ በባህር እየተበላ ሄደ፡፡ አንዱ ሰፈር መናፈሻ አገኘ፤ ሌላው ቤቱን አጣ፡፡

የትዊድ ወንዝ ትምህርት

ወደ አውስትራሊያ እንመለስና ከትንሹ ማውረጃ ወደ ትልቁ መግቢያ እንለፍ፡፡ የትዊድ ወንዝ በሁለቱ ግዛቶች ወሰን አጠገብ ወደ ውቅያኖስ ይገባል፡፡ የወንዙን አፍ አሸዋ እየደፈነ ዓሣ አስጋሪዎችን ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 ድረስ በሁለቱም ወገን ያሉት የድንጋይ ግንቦች ወደ ባህር እንዲረዝሙ ተደረገ፡፡ መጀመሪያ ላይ ሠራ፤ መግቢያው ጠለቀ፡፡ አሸዋው ግን ከደቡቡ ግንብ ጀርባ ይከማች ስለነበር ወደ ሰሜን የሚሄደው ቀረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1967 ተከታታይ አውሎ ነፋሶች ሲመጡ በኩዊንስላንድ ወገን ያሉት የጎልድ ኮስት መዝናኛ ዳርቻዎች፣ በተለይም ኪራ፣ ክፉኛ ተበሉ፡፡ ግንቡ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ፣ ጉዳቱ ኩዊንስላንድ ውስጥ ሆነ፡፡

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከግንቡ ጀርባ ያለው ክምችት ሞልቶ አሸዋው ጫፉን ዞሮ ማለፍ ጀመረ፡፡ መግቢያው ላይ ጉብታው ተመልሶ ተፈጠረ፤ ሞገድ ስለሚሰበርበትም ለጀልባ አደገኛ ሆነ፡፡ በሌላ አነጋገር ገንዘቡ ወጥቶ፣ ጎረቤት ተጎድቶ፣ ችግሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ፡፡

ሁለቱ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተስማምተው፣ ስምምነቱንም በሕግ አጽንተው፣ ወጪውን በጋራ የሚሸፍኑበት የፓምፕ ተቋም ሠሩ፤ ሥራውንም እ.ኤ.አ. በ2001 ጀመረ፡፡ ከወንዙ በስተደቡብ 450 ሜትር ያህል ወደ ባህር የሚዘልቅ ድልድይ መሰል መዋቅር አለ፡፡ ከሥሩ ጄት ፓምፖች ተደርድረዋል፡፡ ፓምፑ በከፍተኛ ግፊት የሚወረውረው ውሃ መሳብን ይፈጥራል፤ በዙሪያው ያለው አሸዋ ወደ ጉድጓዱ እየተንሸራተተ ይገባል፡፡ ውሃ ውስጥ ያለው ክፍል የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ብልሽቱ ጥቂት ነው፡፡ አሸዋውና ውሃው ተቀላቅለው ከወንዙ ወለል በታች በተዘረጋ ቧንቧ ያልፉና በሰሜኑ ወገን፣ በአብዛኛው ስናፐር ሮክስ በሚባለው ስፍራ ይለቀቃሉ፡፡ ተመሳሳይ ተቋም ከዚህ በስተሰሜን በሚገኘው የጎልድ ኮስት መግቢያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል፡፡

ይህም ቢሆን ያለ ቅሬታ አልሆነም፡፡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቆየውን ጉድለት ለማካካስ ብዙ አሸዋ ስለተላለፈ ኪራ ከተራበበት ወደ ጥጋብ ተሸጋገረ፡፡ ዳርቻው እጅግ ሰፍቶ ባህሩ ከመዝናኛው ርቆ ሄደ፤ በሞገድ ላይ በሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ዘንድ በዓለም የታወቀው የኪራ ሞገድም ጠፋ፡፡ በአንጻሩ ስናፐር ሮክስ አካባቢ እጅግ ረጅም የሆነ አዲስ ሞገድ ተፈጠረ፡፡ አንዱ ያለቀሰበትን ሌላው እሰየው አለበት፡፡ በኋላ የሚተላለፈው መጠን እንዲቀነስ ተደረገ፡፡ ፓምፕ አሸዋን ያስተላልፋል እንጂ ስንት እንደሚበቃ አይናገርም፡፡

በጣናስ?

ባህር ባይኖረንም ይህ ጉዳይ ከእኛ ጨርሶ የራቀ አይደለም፡፡ ጣና ላይ በባህር ዳር፣ በጎርጎራና በደሴቶቹ መካከል የሚጓዙ ጀልባዎች አሉ፡፡ ይሁን እንጂ የጣና ችግር ከአደላይድ ይለያል፡፡ እዚህ ዋናው ተዋናይ በሞገድ የሚገፋ አሸዋ ሳይሆን ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከደጋው እርሻ አጥበው የሚያመጡት ደለል፣ እንዲሁም የሐይቁ ከፍታ መውጣትና መውረድ ነው፡፡ ደለል ከአሸዋ እጅግ የላመ ስለሆነ ሎደር አይዘውም፤ ቢዛቅም የሚራገፍበት ዳርቻ አይፈልገውም፡፡

ከፍታው ምን ማለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2003 ታይቷል፡፡ በዝናብ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ በተለቀቀው ውሃ ምክንያት ሐይቁ መርከቦች ሊንቀሳቀሱበት ከሚችሉበት 1,785 ሜትር ከፍታ በታች ወርዶ የመርከብ ጉዞ ለአራት ወራት ያህል ተቋርጦ ነበር፡፡ ያን ጊዜ የሠራችው ታንኳ ናት፡፡ ከደንገል የተሠራች ታንኳ ማውረጃ አትፈልግም፤ ባለቤቷ ተሸክሞ ያወርዳታል፣ ተሸክሞ ያወጣታል፡፡ ጭነትና መንገደኛ ግን በታንኳ ሁሉ አይሆንም፡፡

አሸዋው የማን ነው?

የአደላይድ ታሪክ አላለቀም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ሰሜን የሄደውን አሸዋ በገልባጭ መኪና ጭኖ ወደ ደቡብ የመመለስ ሥራ ሲካሄድ ኖሯል፡፡ የመኪናው ምልልስ የሰፈሩን ነዋሪ ስላማረረና ወጪውም ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ አሸዋን በውሃ የሚገፉ ሁለት የቧንቧ መስመሮች ተዘርግተዋል፡፡ አንደኛው ከግሌኔልግ ወደ ደቡብ፣ ሌላኛው ከቶረንስ ወንዝ መውጫ ወደ ዌስት ቢች ክምሮች የሚወስድ ነው፡፡

ይህም አልበቃም፡፡ ከማውረጃው በስተሰሜን ያለው የዌስት ቢች ዳርቻ መራቆቱን ቀጠለ፡፡ አሸዋው የሚከማችበት የሰማፎርና የላርግስ ቤይ ዳርቻ ደግሞ እየሰፋ ነው፡፡ ለዌስት ቢች ነዋሪዎች ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከእኛ የሄደ አሸዋ ነውና ይመለስልን ይላሉ፡፡ በሰሜን ያሉት በበኩላቸው አሸዋው በተፈጥሮ ጉዞ የመጣ ነው፣ ክምሮቹ ዕፅዋት በቅለውባቸዋል፣ የእኛን ዳርቻ አራቁታችሁ የእነሱን አታልብሱ ይላሉ፡፡ ከሰማፎር ወደ ዌስት ቢች ሊዘረጋ የታሰበ የቧንቧ መስመር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት ሲቀየር ዕቅዱ ቀረና ጉዳዩ በገለልተኛ ወገን እንዲጠና ተደረገ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ላይ ከላርግስ ቤይ አቅራቢያ ከባህሩ ወለል በድሬጀር አሸዋ እየመጠጡ ወደ ዌስት ቢች የማጓጓዝ ሙከራ ተካሂዷል፡፡ የሰሜኑ ነዋሪዎች ሙከራውንም ተቃውመዋል፡፡

ይህ ሁሉ ሲሆን ማውረጃውን መዝጋት ወይም ማፍረስ እንደ አማራጭ ሳይነሳ አልቀረም፡፡ ነገር ግን ከአደላይድ መሀል ከተማ በቅርብ ርቀት እንዲህ ያለ የተጠለለ ማውረጃ እንደልብ ስለማይገኝ ባለጀልባዎች በዋዛ የሚለቁት አይደለም፡፡ ስለዚህ ከግድቡ በስተደቡብ የሚጠራቀመው አሸዋ ይነሳል፣ የበሰበሰው የባህር ሳር ይጠረጋል፣ የመግቢያው ጥልቀት ይለካል፤ የክረምቱ ማዕበል ካለፈ በኋላም ያው ሥራ እንደገና ይጀመራል፡፡